ክሮም ቸርኬ በጨው አገር

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ክሮም ቸርኬ መግጠም ትንሽ እብደት አለበት። እኔም ከእብዶቹ አንዱ ነኝ። የእኔ ቶዮታ ሰኮያ ላይ ያለው ባለ 20 ኢንች ክሮም ነው። ከፋብሪካ ጋር የመጣ ሳይሆን በኋላ ተገዝቶ የተገጠመ። በሐምሌ ሴንት ፖል ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ቀስ ብዬ ስነዳ፣ በሱቆቹ መስታወት ውስጥ ቸርኬዬ ሲያብረቀርቅ አየዋለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

ሰሞኑን አንድ የዘመድ ልጅ ከዳላስ ደወለልኝ። ሥራ አግኝቶ ወደዚህ ሊዛወር ነው። እሱም መኪናው ላይ ክሮም ገጥሟል፤ ያውም ትርፍ ሰዓት ሠርቶ በለፋበት ገንዘብ። «ጋሼ፣ እዚያ ጨው ይበላዋል አሉኝ። እኛ ጋ እኮ ጨው ለወጥ ብቻ ነው። ምን ልቀባው?» አለኝ።

በስልክ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። «ከምትቀባው ይልቅ የምታነሳው ይበልጣል» አልኩት። አልገባውም መሰለኝ፣ ዝም አለ። ስለዚህ ረጅሙን እዚህ ጻፍኩለት። ሌላም ሰው ይጠቀምበት ይሆናል፤ ከዴንቨር እስከ ቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም እስከ ፍራንክፈርት፣ የእኛ ሰው በጨው ላይ የማይነዳበት ከተማ አለ እንዴ?

መጀመሪያ ስለ ጨው። እናቶቻችን «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። እዚህ አገር ግን ጨው የሚጣለው ጨው ስለሆነ ነው፤ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ ይበተናል። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ጨው መበተንን የሞከረው የመጀመሪያው ግዛት ኒው ሃምፕሻየር ነው፣ በ1938። በ1941 እና 42 የበረዶ ወራት በመላው አገሪቱ የተበተነው 5 ሺህ ቶን ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በዓመት 20 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። ዲትሮይት ከተማ ስር፣ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ትልቅ የጨው ማዕድን አለ። መኪና በሚሠራበት ከተማ ስር መኪና የሚበላው ነገር ተከማችቷል። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ሥራው ቀላል ነው። ንጹህ ውሃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ጨው ሲገባበት የሚቀዘቅዝበት ነጥብ ይወርዳል። ተራው ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ፣ መንገድ ላይ በደንብ የሚሠራው እስከ 9 ከዜሮ በታች ድረስ ነው። ከዚያ በታች ያዘግማል። ሚኒሶታ ደግሞ በ9 ዲግሪ የምትቆም አገር አይደለችም። ጥር ላይ 25 ከዜሮ በታች ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመራሉ። ካልሲየሙ እስከ 29 ከዜሮ በታች ድረስ በረዶ ያቀልጣል። አንዳንዴም በረዶው ሳይጥል ቀድመው 23 ከመቶ ገደማ ጨው ያለው ውሃ አስፋልቱ ላይ ይረጫሉ። ጠዋት መንገዱ ላይ የምታዩዋቸው ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች እነዚያ ናቸው።

ለክሮም ከሁሉም የሚከፋው ማግኒዥየምና ካልሲየሙ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ እርጥበት ከአየር ይስባሉ። ተራው ጨው ሲደርቅ ደርቆ ይቀመጣል፣ እስኪረጥብ ድረስም ጉዳቱ ቀስ ያለ ነው። እነዚህ ግን መኪናችሁ ቆሞ እንኳ ቸርኬው ላይ እርጥብ ሆነው ይቆያሉ። ደረቅ ጨው ብረት አይበላም፤ የሚበላው እርጥቡ ነው። ይሄን ነገር አፍዴራ ጨው የሚጭኑ ሾፌሮች ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አሁን ስለ ክሮሙ። ሰው ክሮም ሲያይ ወፍራም የብረት ልብስ ይመስለዋል። አይደለም። ለጌጥ የሚለበጥ ክሮም ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ማይክሮን ብዙም አይበልጥም። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ያ የምንወደው ብርሃን ራሱ በአብዛኛው የክሮሙ ሳይሆን ከስሩ ያለው ኒኬል ነው። ቸርኬው አሉሚኒየም ነው። ተወልውሎ፣ ብዙ ጊዜ መዳብ ይለበጥበታል፣ ከዚያ ኒኬል፣ ከላይ ደግሞ ያቺ ቀጭን ክሮም። ክሮሟ ጭረትን ትቋቋማለች፣ ኒኬሉ እንዳይወይብ ትጠብቃለች። ግን በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሏት። ጨዋማው ውሃ በእነዚያ ይገባል።

ከገባ በኋላ ነገሩ ኬሚስትሪ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው በመካከላቸው ጨዋማ ውሃ ካለ፣ ትንሽ ባትሪ ተፈጠረ ማለት ነው። ደካማው ብረት ይበላል፣ ጠንካራው ይተርፋል። እዚህ ጋ የሚተርፈው ክሮሙ ነው። የሚበላው መጀመሪያ ኒኬሉ፣ ቀዳዳው ሲጠልቅ ደግሞ አሉሚኒየሙ። አሉሚኒየም ሲበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ከመጀመሪያው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ እንደ ቦካ ሊጥ ከስር ያብጥና ክዳኑን ያነሳዋል። ቸርኬ ላይ የምታዩት እብጠት ይሄ ነው። ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ቅርፊት ሆኖ ይላጣል። እጃችሁን ጠብቁ፤ የተላጠ ክሮም ቀልድ አያውቅም።

ቀለሙን ማንበብ ይጠቅማል። ነጭ ዱቄትና እብጠት ካያችሁ አሉሚኒየሙ ተነክቷል፣ የሚመለስ ነገር የለም። አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ኒኬሉ ወይም መዳቡ ጋ ደርሷል። ቡናማ ነጠብጣብ ሲሆን ግን ቶሎ አትደንግጡ። አሉሚኒየም አይዝግም። ያ ዝገት ብዙ ጊዜ ከፍሬን የተነሳ የብረት ብናኝ ነው፣ ክሮሙ ላይ ተለጥፎ የዛገ። ቶሎ ከደረሳችሁበት ይለቃል። አሮጌ የብረት ቸርኬ ወይም ፓራውልት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ከስር ያለው ራሱ ስለሚዝግ።

ስለ ፓራውልት ካነሳሁ፣ አዲስ አበባ የአጎቴ ፔጆ 404 ፓራውልቱ ክሮም ነበር። ልጅ ሆነን ፊታችንን እናይበት ነበር፣ አፍንጫችን ተልቆ። አጎቴ ዋክስ የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲና ጨርቅ፣ በቃ። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጨው የሚበትን የለም፣ ባሕሩም ሩቅ ነው። ክሮም የሚጠፋው ደካማ ሆኖ ሳይሆን ጠላቱ ሲመጣበት ነው። የዳላሱ ልጅም ያንን ነው ያልገባው። እስካሁን ቸርኬው ያማረው ጥሩ ስለያዘው ሳይሆን ዳላስ ስለሚኖር ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ምን ይደረግ?

እውነተኛውን መልስ ልንገራችሁ፤ ማንም መስማት አይወድም። ኖቬምበር ሳይገባ ክሮሙን አውርዱትና ሌላ ቸርኬ ግጠሙ። እኔ የማደርገው ይሄንን ነው። ሁለተኛ ረድፍ፣ ማለትም ሌላ አራት ቸርኬ፣ ቅንጦት ይመስላል፣ ግን እዚህ አገር ለማንኛውም የበረዶ ጎማ ያስፈልጋችኋል። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ተራው ጎማ ይደነድናል፣ መንገድ አይዝም። የበረዶ ጎማ በየዓመቱ ከአንድ ቸርኬ ላይ ከማስፈታትና ከማስገጠም፣ ለብቻው ቸርኬ ቢኖረው ይረክሳል። አንዱ ረድፍ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍ ጎማዎቹም ዕድሜ ይጨምራሉ። ኪቤክ ውስጥማ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ሕግ ነው፤ ሞንትሪያል ያሉት ወገኖቻችን ምርጫ የላቸውም።

የበረዶ ረድፉ ባያምር አይግደዳችሁ። እኔ የገዛሁት ያገለገለ የፋብሪካ ቸርኬ ነው፣ 18 ኢንች፣ ግራጫ ቀለም። አነስ ያለ ዲያሜትር ማለት የጎማው ጎን ወፍራም ነው ማለት ነው፤ በማርች አስፋልቱ ሲቦረቦር ያ ወፍራም ጎማ ቸርኬውን ያድነዋል። ታዲያ አሳንሳለሁ ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትግዙ። ቸርኬው ሲሽከረከር የፍሬኑን አካል መንካት የለበትም። የብሎኑ አቀማመጥም መግጠም አለበት። የእኔ 5 በ150 ነው (አምስት ብሎን፣ 150 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ)፣ ከትልቁ ላንድክሩዘር ጋር አንድ ዓይነት፤ ለአነስተኛ መኪና የተሠራ ቸርኬ ፈጽሞ አይገባለትም።

ዳዶው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚረሳው እዚህ ጋ ስለሆነ። በኋላ የሚገዙ ቸርኬዎች አብዛኞቹ የሚታሰሩት ጫፉ ሾጣጣ በሆነ ዳዶ ነው። የፋብሪካ ቸርኬ ግን የራሱ አለው። ቶዮታ ብዙ የአሉሚኒየም ቸርኬዎቹን የሚያስረው ጠፍጣፋ ዋሸር ባለው ዳዶ ነው፣ ሆንዳ ደግሞ ክብ መቀመጫ ባለው። አንዱን ለሌላው ብትጠቀሙ ሲያጠብቁት የጠበቀ ይመስላል፣ መንገድ ላይ ግን ይላላል። ስለዚህ ሁለት ረድፍ ቸርኬ ያለው ሰው ሁለት ረድፍ ዳዶ ያስፈልገዋል። በፌስታል አድርጋችሁ ከየቸርኬው ጋር አስቀምጡት። ከገጠማችሁ በኋላም ከ80 እስከ 150 ኪሎሜትር ስትነዱ እንደገና በመለኪያ ቁልፍ አጥብቁ። መጠኑ መኪናው መመሪያ ላይ አለ። ጎሚስታው ዳዶ የሚያጠብቅበት በአየር የሚሠራው ጠመንጃ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱን ከመጠን በላይ ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል።

ከዚያ ያቺ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራ የጎማ አየር መብራት አለች። አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ቀላል መኪና ሁሉ የጎማ አየር ጠቋሚ እንዲኖረው ሕግ ነው። ብዙ መኪና ላይ ጠቋሚው ቸርኬው ውስጥ ነው የተገጠመው። ሁለተኛው ረድፍ ያለ ጠቋሚ ከሆነ መብራቷ የበረዶውን ወራት ሙሉ ትበራላችኋለች። የሚያስቸግረው መብራቷ አይደለም፤ እውነት አየር ሲወርድ የሚነግራችሁ ነገር መጥፋቱ ነው።

አሁን ሁለተኛ ረድፍ መግዛት የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው። ልጁ እንደዚያ ነው፣ ገና ሥራ ሊጀምር ነው። ለዚህ ሰው መድኃኒቱ ውሃ ነው። ውድ ጠርሙስ ሳይሆን ውሃ።

ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ብርዱ ሲበረታ ይጨነቃል። እኔ የምጨነቀው ሲለዝብ ነው። 20 ከዜሮ በታች ሲሆን ሁሉ ነገር ደርቆ ይቆማል፣ ኬሚካሉም ይተኛል። ቸርኬ የሚበላው ዜሮ አካባቢ፣ በረዶው ቀልጦ ጭቃማ ውሃ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከበረዶው በኋላ የመጀመሪያዋ ለዘብ ያለች ቀን ስትመጣ ላቫጆ ሂዱ። ሌላ አንድ ወጥመድ አለ፤ የሚሞቅ ጋራዥ። መኪናውን አዝናችሁለት ጨው እንደለበሰ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ታሳድሩታላችሁ። ሙቀትም፣ እርጥበትም፣ ጨውም አንድ ላይ። ከዚያ ይልቅ ውጭ ብርድ ላይ ቢያድር ይሻለው ነበር። ጋራዥ የሚያስገባ ሰው አጥቦ ያስገባ።

የትኛው ላቫጆ? በሳንቲም ወይም በካርድ የሚሠራው፣ እናንተው ቱቦውን ይዛችሁ የምታጥቡበት። አውቶማቲኩን እጠረጥረዋለሁ። ብሩሽ የሌለው ዓይነት ቆሻሻውን የሚያነሳው በጉልበት ሳይሆን በኬሚካል ስለሆነ፣ ኬሚካሉ ጠንካራ ነው። አንዳንዱ ቦታ መጀመሪያ ቸርኬው ላይ የሚረጨው አሲድ ነው። ለተራ ቀለም ቅብ ቸርኬ ቶሎ ከታጠበ ምንም አይደለም ይሆናል። ስንጥቅ ላለው ክሮም ግን ጨው የጀመረውን አሲድ ይጨርሰዋል። አንዱ ላቫጆ ቸርኬዬን ወተት መስሎ የደፈረሰ ነጠብጣብ አድርጎ መልሶልኛል። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ፦ «ከፋብሪካ ውጭ ለተገጠመ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም»። ደህና።

ስታጥቡ ፊቱን ብቻ አታጥቡ። ፊቱ ያሞኛል። ጨው የሚደበቀው ከኋላ፣ ፍሬኑን በሚያየው ውስጠኛው ገጽ ላይ፣ በየዳዶው ጉድጓድና ቸርኬና ጎማ በሚጋጠሙበት ጠርዝ ላይ ነው። መኪናውን ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርጋችሁ ቀሪውን ክፍልም እጠቡት፤ ጎማ ክብ መሆኑን የሚረሳ ሰው አለ። ሳሙናው ለመኪና የተሠራ፣ አሲድም አልካላይም ያልበዛበት ይሁን። የምድጃ ማጽጃ፣ የመጸዳጃ ቤት አሲድ፣ ኮምጣጤ ወደ ክሮም አታቅርቡ። ትኩስ ቸርኬ ላይም አትርጩ። ከዚያ አድርቁት። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የቅጠል መንፊያ ያለው ሰው ዳዶዎቹ ጋ ቢነፋበት ጥሩ ነው። ስትጨርሱ ትንሽ ነድታችሁ ፍሬኑን ያዝ ያዝ አድርጉት፤ እርጥብ ፍሬን ሌሊት እንዳይቀዘቅዝ።

ዋክስ? አዎ፣ ቀቡ። ኦክቶበር ላይ፣ ቸርኬው ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከውስጥም ከውጭም። ዋክስ ጨውን አይገድለውም፤ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ግን ፍሬን ያሞቃል፣ የተፈጥሮው ዋክስ ደግሞ ከ80 ዲግሪ ትንሽ አልፎ ይቀልጣል። ስለዚህ ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ መከላከያ ይሻላል። እሱም ቢሆን በመሀል መደገም አለበት።

ሴራሚክ የሚባለው የሚቀባ መከላከያ ላይ ብዙ ሰው ይሟገተኛል። ሻጮቹ 5 ዓመት ይላሉ። እኔ የማየው፣ በሴራሚክ የተቀባ ቸርኬ ቶሎ ይታጠባል፣ ብናኝ አይይዝም። ይሄ እውነት ነው፣ ጥሩም ነው። ግን ከፊት ያለው መኪና የሚያስፈነጥረው ጠጠር ሴራሚኩን ከነክሮሙ ነው የሚበሳው። ከዚያ በኋላ ጨው በር አግኝቷል። ሴራሚክ ቀብቻለሁ ብሎ ማጠብ የተወ ሰው ካልቀባው ሰው ቀድሞ ቸርኬውን ያጣል። ገንዘብ ካላችሁ ቀቡ፣ ግን እጠቡ።

እንደ ላስቲክ ተረጭቶ በጸደይ የሚላጠውንም ቀለም የሚያስቀቡ አሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል። እኔ አልወደውም። ጠርዙ ላይ ትንሽ ክፍተት ካለ ጨዋማው ውሃ ከስር ይገባና መውጫ ያጣል፤ ላስቲኩም ስለሸፈነው አታዩትም። ዘይት ወይም ቅባት የሚቀቡ ደግሞ አሉ። እሱ አደገኛ ነው። ጎማው ሲሽከረከር ዘይቱ ተረጭቶ የፍሬን ዲስክ ላይ ያርፋል። ቸርኬ ለማዳን ብላችሁ ፍሬን አትጡ።

አሮጌ ሰዎች በአሉሚኒየም ወረቀትና በውሃ ክሮም ያሻሉ። ይሠራል፣ ግን የሚሠራው ለብረት ፓራውልት ዝገት ነው። ለአሉሚኒየም ቸርኬ አይደለም።

አሁን ማንም የማይነግራችሁ ትንንሽ ነገሮች። ጎማ ስታስገጥሙ ጎሚስታው ሚዛን ለማስተካከል ክብደት ይለጥፋል። አንደኛው ዓይነት ጠርዙ ላይ በመዶሻ የሚመታ ነው። ለክሮም ይሄ ሞት ነው፤ ጠርዙን ይጭረዋል፣ ጨው ከዚያ ይጀምራል። ቀድማችሁ «ወንድሜ፣ ከውስጥ በሚለጠፈው አድርግልኝ» በሉት። እኛ ሰፈር ያለው ጎሚስታ መርካቶ ያደገ ሰው ነው፣ ሳልነግረውም ያውቃል። «ክሮም እኮ ሙሽራ ነው፣ መዶሻ አይወድም» ይላል።

ቫልቩንም አስተውሉ። አየር ጠቋሚ ያለው ቫልቭ ግንዱ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። የሚያብረቀርቅ የናስ ክዳን ገዝታችሁ ብታጠልቁበት፣ ከላይ ያልኳችሁ ባትሪ እዚያም ይፈጠራል። በጸደይ ክዳኑ አይከፈትም፤ ሲጎትቱት ግንዱ ይሰበራል፣ ከነጠቋሚው መቀየር ነው። የፕላስቲክ ክዳን አድርጉ። ርካሹ ነው፣ የተሻለውም እሱ ነው።

ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚነካካበት ቦታ፣ ሞዞው ላይ፣ ዝገት ያጣብቃል። በጸደይ ዳዶው ተፈትቶም ጎማው አልወርድ ይላል። ስትገጥሙ ያንን ገጽ በሽቦ ብሩሽ አጽዱትና ስስ የማያጣብቅ ቅባት ቀቡት። ብሎኖቹ ላይ ግን አትቀቡ፤ ቅባት ካለበት ዳዶው ከሚገባው በላይ ይጠብቃል።

ሌላው የአየር መውረድ ነው። ብርድ ሲገባ ጎማ ሁሉ አየር ይቀንሳል፤ በየ10 ዲግሪ ፋራናይት 1 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ። አራቱም እኩል ከወረዱ ብርዱ ነው፣ ሙሉ። አንዱ ብቻ እየደጋገመ ከወረደ ምስማር ፈልጉ። ምስማር ከሌለ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ጠርዝ ጋ ክሮሙ ተላጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የሳሙና ውሃ ስታፈሱበት አረፋ ይሠራል። ጎሚስታው ጎማውን አውርዶ የተላጠውን ፍቆ ያስተካክለዋል። ለጊዜው ይይዛል። ግን ክሮም አንዴ መላጥ ከጀመረ ከጠርዙ እየሄደ ይሰፋል፤ የተፋቀው ቦታ ላይ ያለው ድንበር አዲስ በር ነው።

ሳልረሳው፣ ያላችሁ ነገር እውነት ክሮም መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንድ የፋብሪካ ቸርኬ ክሮም የሚመስል ፕላስቲክ ሽፋን የተጣበቀበት ነው። በጥፍር ስትመቱት ድምፁ ይለያል። እሱ ሌላ ጣጣ አለው፣ ውሃ ከስሩ ይገባል። አሁን ደግሞ በቫኪዩም ውስጥ የሚለበጥ ስስ ብረት ከላይ ግልጽ ቀለም የሚደረግበት አለ። የዚህ ጠባቂው ግልጹ ቀለም ስለሆነ፣ የምትንከባከቡት እንደ መኪና ቀለም ነው። ክሮም መወልወያ አታስነኩት፤ ቀለሙን ይፍቀዋል።

ስለ ጨው ስጽፍ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። የሚኒሶታ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት እንደሚለው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ውሃ ይበክላል። ጨው ውሃ ውስጥ ከገባ አይጠፋም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንትዮቹ ከተሞች (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) አካባቢ ከሚበተነው ጨው 70 ከመቶ ያህሉ እዚያው ሐይቁና አፈሩ ውስጥ እንደሚቀር አግኝተዋል። በ10 ሺህ ሐይቆች በምትጠራ ግዛት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የበረዶ ጠራጊዎቹን ሥራ ግን አላናንቅም። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተው እኛ ጠዋት ሥራ እንድንገባ መንገድ የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው። ግዛቲቱ ለበረዶ ጠራጊ መኪናዎቿ ስም የማውጣት ውድድር አላት፤ በ2021 አንደኛ የወጣው «ፕላዊ ማክፕላውፌስ» ነበር። ልጆቼ ድምፅ ሰጥተዋል። እኔ የምለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ስለሚበተነው ነው። ቁርስ ላይ እንቁላል ላይ ጨው የሚቆጥቡ ሰዎች ደጃቸው ላይ በአካፋ ሲበትኑ አያለሁ። መጀመሪያ በረዶውን ጥረጉት፣ ከዚያ ጨው ትንሽ ይበቃል። ያ ጨው በጫማ ቤት ይገባል፣ በጎማ ጋራዥ ይገባል፣ ዞሮ ቸርኬው ላይ ነው።

የወረደው ክሮም በበረዶው ወራት የት ይቀመጥ? ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ዋክስ ተቀብቶ። ጎማ ያለበት ቸርኬ ከሆነ በጎኑ ተደራርቦ፣ በመካከሉ ካርቶን ተደርጎ። አየር በማያስወጣ ፌስታል ውስጥ እርጥቡን አትዝጉበት። ከማሞቂያውም፣ ከጨው ከረጢቱም አርቁት። የጨው ከረጢት አጠገብ ክሮም የሚያስቀምጥ ሰው ያለ አይመስላችሁም፤ ጋራዦችን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

ጸደይ ሲመጣ አትቸኩሉ። በረዶው አለቀ ማለት ጨው አለቀ ማለት አይደለም። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ መንገዱ ደርቆ ነጭ አቧራ የሚነሳው ጨው ነው። እኔ ደህና ዝናብ አንድ ሁለቴ አስፋልቱን እስኪያጥበው እጠብቃለሁ። ከዚያ የበረዶውን ረድፍ አወርዳለሁ፣ ክሮሙን እያንዳንዱን በብርሃን አገላብጬ አያለሁ፣ ጠርዙን በጣቴ ሳይሆን በጨርቅ እዳስሳለሁ።

ዘንድሮ የኋላ ግራው ጠርዝ ላይ ትንሽ እብጠት አይቻለሁ። እንደገና ክሮም ማስለበጥ ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ግን ያለው ልባጥ በኬሚካል ተነስቶ፣ ብረቱ ተፍቆ፣ እንደ አዲስ ነው፤ የሚሠራውም ቤት እየቀነሰ ነው። ለልባጡ የሚውለው የክሮም ዓይነት ካንሰር የሚያመጣ ስለሆነ ካሊፎርኒያ በ2023 ለጌጥ የሚውለውን ለመከልከል ወስናለች፣ ከ2027 ጀምሮ። ሠራተኞቹን ሳስብ አልቃወምም። በዚያ ላይ ሒሳቡን ሳየው አዲስ ቸርኬ ይሻላል።

ስለዚህ እብጠቱ ሲሰፋ አራቱንም ላስፍቃቸውና በዱቄት ቀለም ላስቀባቸው ነው። ዱቄት ቀለም በምድጃ ስለሚጋገር ወፍራም ነው፣ ጨውንም ከክሮም በተሻለ ይችላል። አያብረቀርቅም እንጂ። ባለቤቴ ከአሁኑ ጥቁር መርጣለች። እኔ ገና ነኝ። የዳላሱ ልጅ ደግሞ ትናንት የጎማ ፎቶ ልኮልኛል፤ ያገለገለ ባለ 17 ኢንች የብረት ቸርኬ፣ ከነጎማው። «ይሄ ይሆናል ጋሼ?» ይላል። የብሎኑን አቀማመጥ ጠይቀህ ንገረኝ አልኩት።